ግዛዋ፦ በጣና ዳር የሚበቅለው የሕንዶች አሽዋጋንዳ

በባሕር ዳር ከተማ ዙሪያ በየአጥሩ ሥር፣ በመንገድ ዳርና በጣና ሐይቅ አካባቢ ባሉ የገጠር ቀበሌዎች የማሳ ወሰን ላይ ግራጫማ ቅጠል ያለው፣ ብዙም ዓይን የማይስብ ቁጥቋጦ ይበቅላል። ያገራችን ሰው ግዛዋ ይለዋል። ይኸው ተክል በሕንድ አገር አሽዋጋንዳ ተብሎ የሚጠራ ሲሆን፣ አዩርቬዳ በተባለው ጥንታዊ የሕክምና ሥርዓት ውስጥ ከፍተኛ ክብር ከሚሰጣቸው ዕፅዋት አንዱ ነው። ዛሬ ሥሩ በዱቄትና በእንክብል መልክ እየተዘጋጀ ጭንቀትን ያስወግዳል፣ እንቅልፍን ያመጣል እየተባለ በብዙ የዓለም አገሮች ይሸጣል። ይህን የሰማ ወጣት «አሽዋጋንዳ የእኛው ግዛዋ ከሆነ ከደጃችን ነቅለን ብንጠቀምበትስ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱ ከዕፅዋት ጥናት፣ ከኬሚስትሪና ከሕክምና ሳይንስ የሚቀዳ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተክሉን ማንነት፣ በሁለቱ አገሮች ያለውን አጠቃቀምና ሳይንስ የደረሰበትን እንመለከታለን።

የተክሉ ማንነት

ግዛዋ በሳይንሳዊ ስሙ ዊታኒያ ሶምኒፌራ ይባላል። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ እ.ኤ.አ. በ1753 ፊዛሊስ ሶምኒፌራ ብሎ ሰይሞት ነበር፤ የአሁኑን ስሙን ያገኘው ፈረንሳዊው ዱናል በ1852 ዊታኒያ ወደተባለው ጂነስ ካዛወረው በኋላ ነው። ሶምኒፌራ የሚለው የላቲን ቃል «እንቅልፍ አምጪ» ማለት ነው።

ተክሉ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሚያድግ ሲሆን፣ ግንዱና ቅጠሉ ግራጫ መልክ በሚሰጡት ጥቃቅን ጸጉሮች የተሸፈነ ነው። አበባው ትንሽና አረንጓዴ ቢጫ ነው፤ ፍሬው ሲበስል ቀይ ብርቱካናማ ይሆናል፤ እንደ ወረቀት በሳሳ ፊኛ መሰል ልባስም ይሸፈናል። ቤተሰቡ የድንች፣ የቲማቲም፣ የበርበሬ፣ የትምባሆና የአስተናግር ቤተሰብ ነው። ይህ ቤተሰብ ምግብንም ብርቱ መርዝንም የሚያፈራ በመሆኑ የቤተሰቡን አባላት ሁሉ በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

ግዛዋ ከአፍሪካ አንሥቶ በሜዲትራኒያን ዳርቻና በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል እስከ ሕንድ ድረስ በተፈጥሮው ይበቅላል። ስለዚህ ለኢትዮጵያም ሆነ ለሕንድ መጤ አይደለም።

በሕንድ ዱቄት፣ በእኛ ጢስ

አሽዋጋንዳ የሚለው የሳንስክሪት ስም «የፈረስ ሽታ» ማለት ነው፤ ስያሜው የመጣው ከእርጥብ ሥሩ ጠረን ነው። ቻራካ ሳምሂታ በተባለው ጥንታዊ የአዩርቬዳ መጽሐፍ ውስጥ ተጠቅሶ የሚገኝ ሲሆን፣ ኃይልን የሚያድሱና ዕድሜን ያረዝማሉ ተብለው ከሚታመኑት ዕፅዋት ጋር ይመደባል። ሥሩ ደርቆና ተፈጭቶ ከወተት፣ ከቅቤ ወይም ከማር ጋር ይወሰዳል።

በአገራችን ግን የግዛዋ ዋነኛ አጠቃቀም ከዚህ ይለያል። ቡዳ በልቶታል ወይም ክፉ መንፈስ ይዞታል ለተባለ ሰው ሥሩ ደርቆ በፍም ላይ ይደረግና ታማሚው ተሸፋፍኖ ጢሱን ይታጠናል። ሁለቱም ባህሎች፣ አንዱ በመጠጥ ሌላው በጢስ፣ ተክሉን ከአእምሮ መታወክ ጋር ማያያዛቸው ትኩረት የሚስብ ነው።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥተን «ጢሱም እንደ ዱቄቱ ይሠራል» ማለት አንችልም። የተክሉ ዋና ዋና ውሁዶች ከባድ ሞለኪውሎች ስለሆኑ በቀላሉ አይተንኑም፤ በፍም ላይ ሲቃጠሉም ተሰባብረው ወደ ሌላ ነገር ሊለወጡ ይችላሉ። ጢሱ የሚሸከመው ምን እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ለቤተ ሙከራ የተገባ ጥያቄ ነው። በተዘጋ ቤት ውስጥ በከሰል ፍም መታጠን ደግሞ በካርቦን ሞኖክሳይድ የመመረዝ አደጋ እንዳለው ልብ ማለት ያስፈልጋል።

አንድ ስም፣ የተለያየ ይዘት

የግዛዋ ዋነኛ ውሁዶች ዊታኖላይድ በሚል የጋራ ስም ይታወቃሉ። እነዚህ 28 የካርቦን አቶሞች ያሏቸው፣ አወቃቀራቸው ከስቴሮይድ ጋር የሚዛመድ ውሁዶች ናቸው። ከመካከላቸው አስቀድሞ የታወቀው ዊታፌሪን ኤ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተክሉ ቅጠል ተለይቶ ወጥቷል። ይህ ውሁድ ሕዋሳትን የመግደል ኃይል ያለው ነው። በዚህም ምክንያት በአንድ በኩል የካንሰር ተመራማሪዎችን ትኩረት ስቧል፤ በሌላ በኩል ደግሞ ለጥንቃቄ ምክንያት ሆኗል።

በዚህ ረገድ በእስራኤል የተደረጉት ጥናቶች ትልቅ ትምህርት ይሰጣሉ። ተመራማሪዎች በዚያች ትንሽ አገር ውስጥ ከተለያዩ ቦታዎች የተሰበሰቡ የግዛዋ ተክሎችን ሲመረምሩ በመልክ አንድ ቢሆኑም በኬሚካል ይዘታቸው በሦስት እንደሚከፈሉ ደረሱበት። እንዲህ ያለው ክፍል ኬሞታይፕ ይባላል። የሕንዱ ግዛዋም ከእነዚህ ይለያል። በተጨማሪም ሕንዶች ለሥሩ ሲሉ በማድያ ፕራዴሽና በሌሎች ክፍለ ሀገሮች በማሳ የሚያለሙት ተክል በምርጫ የተሻሻለ ነው።

ነገሩን በምናውቀው ምሳሌ እናስረዳ። የዘጌ ቡናና የሐረር ቡና ሁለቱም አረቢካ ናቸው፤ ሆኖም ጣዕማቸው አንድ አይደለም። ቡና ላይ ልዩነቱ የጣዕም ጉዳይ ነው። መድኃኒት ላይ ሲሆን ግን በሚፈውስና በሚጎዳ መጠን መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በሕንድ ሥር ላይ የተገኘ ውጤት የሚናገረው ስለ ሕንድ ሥር ነው፤ በጣና ዳር ስለበቀለው ግዛዋ የሚናገረው ከጣና ዳር የተወሰደ ናሙና ብቻ ነው።

ሙከራዎቹ ምን ያሳያሉ?

እ.ኤ.አ. በ2012 በሕንድ ታትሞ የወጣ አንድ ጥናት በጭንቀት የሚቸገሩ 64 ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንደኛው ቡድን 300 ሚሊግራም የሥር ንጥር በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለሁለተኛው ደግሞ ፕላሴቦ የተባለውን ፍሬ ነገር የሌለው አስመሳይ መድኃኒት ለ60 ቀናት ሰጥቷል። ንጥሩን የወሰዱት ጭንቀታቸውም ሆነ ኮርቲዞል የተባለው ሆርሞናቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሷል። ውጤቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ነገር ግን የተሳታፊዎቹ ቁጥር ጥቂት፣ ጊዜውም አጭር ነው።

የአገራችን ተመራማሪዎችም ሥራ አለ። እ.ኤ.አ. በ2006 በኢትዮጵያ የሕክምና ጆርናል የታተመ ጥናት ከግዛዋ ቅጠልና ከሥሩ ልጥ የወጣ ንጥር በቤተ ሙከራ አይጦች ደም ውስጥ ያለውን የወባ ተሐዋስ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ወባ ለሚያጠቃው ለጣና ዳር ነዋሪ ይህ መልካም ዜና ይመስላል። ሆኖም በአይጥ ላይ የታየ ውጤት በሰው ላይ እስኪረጋገጥ ድረስ መነሻ እንጂ መድረሻ አይደለም። የወባ በሽተኛ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ እንጂ ግዛዋ መቀቀል የለበትም።

ጉዳቱም ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የሕክምና ሪፖርት ከአይስላንድና ከአሜሪካ አሽዋጋንዳ ከወሰዱ በኋላ ጉበታቸው የተጎዳ አምስት ሰዎችን አቅርቧል። የሕንድ መንግሥት የባህል ሕክምና ሚኒስቴር በ2021 አምራቾች ከሥሩ በቀር ቅጠሉን እንዳይጠቀሙ አሳስቧል። ዴንማርክም በ2023 ተክሉን በምግብ ማሟያዎች ውስጥ መጠቀምን ከልክላለች። ነፍሰ ጡሮች፣ የጉበት ወይም የታይሮይድ ዕጢ ሕመም ያለባቸውና የሚያስተኙ መድኃኒቶችን የሚወስዱ ሰዎች ፈጽሞ ሊርቁት ይገባል።

ከዘጌ የምንማረው

ያገራችንን የዕፅዋት ዕውቀት በሳይንሳዊ ዘዴ መመዝገብ እንደሚቻል ከባሕር ዳር ብዙም ከማይርቀው ከዘጌ ልሳነ ምድር ማየት እንችላለን። ጥላሁን ተክለሃይማኖትና ምሩፄ ግደይ እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2005 እስከ ሰኔ 2006 በዚያ ባካሄዱትና በ2007 ባሳተሙት ጥናት 200 ሰዎችን ጠይቀው ለ52 ሕመሞች የሚያገለግሉ 67 ዕፅዋትን መዝግበዋል። ከእነዚህ አንዱ አመራ ነው፤ ይኸውም አዩርቬዳ ቺትራካ እያለ የሚጠቀምበት ተክል ነው። ከጣና ዳርና ከሕንድ የጋራ ዕፅዋት መካከል ግዛዋ ብቸኛው አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ጥናቱ ሌላም ነገር ያሳያል። ከተክሎቹ አካል በብዛት፣ ማለትም 42 በመቶ ያህል፣ ጥቅም ላይ የሚውለው ከመሬት በታች ያለው ክፍል ነው። ቅጠሉ የተቀነጠሰ ተክል ያቆጠቁጣል፤ ሥሩ የተነቀለ ግን ይሞታል። ስለዚህ ለግዛዋ ገበያ ቢገኝለት እንኳ ሕንዶች እንዳደረጉት በማሳ ካልለማ ከየአጥሩ ሥር ተነቅሎ ማለቁ ነው።

ምስጢርና መዝገብ

በአገራችን የመድኃኒት ዕውቀት በአባቶች ዘንድ በምስጢር ተይዞ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ፣ ዕፀ ደብዳቤን በመሳሰሉ የብራና መጻሕፍትም ሲጻፍ ኖሯል። ምስጢርነቱ ዕውቀቱን ከአጭበርባሪ ጠብቆታል፤ ነገር ግን ባለዕውቀቱ ሳያስተላልፈው ሲሞት አብሮት እንዲቀበርም አድርጓል። ሕንድ የተከተለችው መንገድ መዝግቦ መጠበቅ ነው። እርድ ቁስልን ያድናል በሚል በ1995 በአሜሪካ የተሰጠው የፈጠራ መብት በ1997 የተሰረዘው ሕንዶች ዕውቀቱ ጥንታዊ መሆኑን በጽሑፍ ማስረጃ ስላረጋገጡ ነው። በእኛም አገር የጄኔቲክ ሀብትና የማኅበረሰብ ዕውቀትን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 482/1998 የባለዕውቀቱን ማኅበረሰብ መብት ይደነግጋል፤ ሆኖም ያልተመዘገበን ዕውቀት በሕግ ማስከበር አስቸጋሪ ነው።

ከምልከታ ወደ ሙከራ መሻገር እንደምንችል የእንዶድ ታሪክ ምስክር ነው። አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ቢመለከቱ ወደ ቤተ ሙከራ ወስደው መረመሩት፤ እንዶድ ቢልሃርዝያ አስተላላፊውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድልም አረጋገጡ። ለግዛዋም የሚያስፈልገው ይኸው መንገድ ነው፤ ከባለዕውቀቶች ፈቃድ ጠይቆ መመዝገብ፣ የተክሉን ናሙና ሰብስቦ በብሔራዊ ሄርባሪየም ማስቀመጥ፣ ከዚያም ከጣና ዳር፣ ከቆላውና ከደጋው የመጣውን ይዘት በኬሚስትሪ ማነጻጸር።

እንግዲህ በመግቢያችን ላነሣነው ጥያቄ መልሳችን ይህ ነው፦ ግዛዋና አሽዋጋንዳ አንድ ዝርያ ናቸው፤ አንድ መድኃኒት መሆናቸው ግን አልተረጋገጠም። እስኪረጋገጥ ድረስ ከደጃችን ያለውን ግዛዋ አንነቅለውም፣ አንጠጣውም፤ ይልቁንም እናጠናዋለን። ይህንንም ሥራ ዛሬ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲ ካሉት ተማሪዎች እንጠብቃለን።