ጠገራ ብር፦ 1780ን አትመኑ

ላሊበላ የሄደ ሰው ከውቅር አብያተ ክርስቲያናቱ ሲወጣ የቅርሳቅርስ ሱቆቹን ሳያይ አይመለስም። ዓይኑ ግን መስቀልና ብራና ላይ ይቀራል። እኔን ሁልጊዜ የሚጠራኝ ከጥግ በሳህን የተከመረው ጠገራ ብር ነው።

የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ መልክ አለበት፤ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከስድስት እጁ አምስቱ ንጹሕ ብር ነው። ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. የራሳቸውን ብር ፓሪስ ካሳተሙ በኋላም ገበያው የለመደውን የሴትዮዋን ብር አልተወም።

«ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል» ይላል ሻጩ፤ ገዢው 1780 የሚለውን አይቶ ያምናል። ሁለቱም በቅንነት ነው፣ ግን ልክ አይደለም። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው። ከቀይ ባሕር ወዲህና ወዲያ ያለው ነጋዴ ሌላ መልክ ስላላመነ፣ ከዚያ በኋላ የታተመው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ፤ ቪየና ዛሬም ታትማለች። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ የማተሚያውን ቅርጽ ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አሳተመ፤ ለወረራው ነበር። ቀጥሎ ለንደን፣ ኋላም ቦምቤይ አተሙ። በ1933 ዓ.ም. ጣሊያንን ለማስወጣት በእንግሊዞች እየተመራ ጎጃም የገባው የጌዴዎን ጦር ደግሞ ይህንኑ ብር በግመል ጭኖ ነበር። ወራሪውም ነፃ አውጪውም በአንድ ሴት መልክ ከፍለዋል! በእጃችሁ ያለው የየትኛው እንደሆነ የሚለዩት አዋቂዎች በጀርባው ያለውን የንስር የጭራ ላባና የነጥቦቹን አቀማመጥ መርምረው ነው።

እናንተ ግን ጠርዙን በጣት ዳስሱ። ዙሪያውን «ፍትሕና ምሕረት» የሚል የላቲን ጽሑፍ ጎልቶ መሰማት አለበት፤ በቅርጽ ፈስሶ የተሠራ ሐሰተኛ እዚህ ላይ ይደበዝዛል።

እባካችሁ በአመድና በሎሚ አትፈትጉት። ጥቁረቱና የተበላው ጉንጯ የዞረበት ገበያ ምልክት ነው። ቀዳዳ ያለውንም «ተበላሽቷል» ብላችሁ አትጣሉት፤ ባላገር ሴት አንገቷ ላይ አስራው ኖራለች። አንጥረኞች ጠገራ እያቀለጡ መስቀልና አልቦ ይሠሩ ስለነበር፣ ከጎኑ የተሰቀለው የብር መስቀልም ወንድሙ ሊሆን ይችላል።

ከውጭ ለመጣችሁ፦ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣን ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። ሻጩንም ከማን ቤት እንደገዛው ጠይቁት። አንድ ሽማግሌ ባለሱቅ ይህን ስጠይቃቸው ሥራቸውን ትተው የላስታን ገበያዎች በየቀናቸው ቆጠሩልኝ።