የታደሰ ሞተር፣ ያልታደሰ አካል

አንድ መሣሪያ አረጀ የሚባለው መቼ ነው? ለአቃቂ ቃሊቲ ወዝአደር ይህ የመጽሐፍ ጥያቄ አይደለም። ብረት በሚቀለጥበትና መለዋወጫ በሚመረትበት በዚህ አካባቢ፣ ያረጀ ማሽን ጥርሱ ተቀይሮ፣ ዘንጉ ተቃንቶ ዳግም ወደ ሥራ ሲገባ ያላየ ሠራተኛ ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ ጥገና በእርግጥ ዕድሜ የሚጨምርበት ሁኔታ እንዳለ ሁሉ፣ የጨመረ መስሎ የሚያታልልበትም ሁኔታ አለ። ሁለቱን ለይቶ ለማየት ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላገኘንም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰርጓጅ መርከብ ሁለት ወገን አለው። አንደኛው ሊለወጥ የሚችለው ነው፤ ሞተሩ፣ ባትሪው፣ የመገናኛውና የማዳመጫው መሣሪያ። ሁለተኛው የውሃውን ግፊት የሚሸከመው ወፍራም የብረት አካል ነው። በ100 ሜትር ጥልቀት እያንዳንዱን ካሬ ሳንቲ ሜትር 10 ኪሎ ግራም ያህል ክብደት ይጫነዋል። መርከቡ በጠለቀ ቁጥር ብረቱ ይጨመቃል፤ በወጣ ቁጥር ይላላል። ሽቦን ወዲያና ወዲህ ደጋግሞ አጣጥፎ የሰበረ ሰው የብረት ድካም ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በመሆኑም የሰርጓጅ መርከብ ዕድሜ የሚቆጠረው በዓመት ብቻ ሳይሆን በጠለቀበት ጊዜ ብዛትም ጭምር ነው።

አሜሪካ ኦሃዮ የተሰኙትን ሰርጓጅ መርከቦቿን የሠራቻቸው ለ30 ዓመት አገልግሎት አስባ ነበር፤ በምሕንድስና ከተመረመሩ በኋላ ዕድሜያቸው ወደ 42 ዓመት እንዲራዘም ተወሰነ። የአርጀንቲናዋ ሳን ሁዋን ታሪክ ግን ሌላ ነው። በ1985 አገልግሎት የጀመረችው ይህች መርከብ ከ2008 አንሥቶ ዓመታት በፈጀ ዕድሳት አካሏ ለሁለት ተቆርጦ፣ ሞተሮቿ ተጠግነው፣ 960 የባትሪ ክፍሎቿ ተለውጠው፣ መልሳ ተበየደች። በኅዳር 2017 ከ44 ሰዎች ጋር ጠፋች። ከመጥፋቷ በፊት ያስተላለፈችው መልእክት የባሕር ውሃ በአየር ማስገቢያው በኩል ገብቶ ባትሪዎቹ ዘንድ መድረሱንና እሳት መጀመሩን የሚገልጽ ነበር። ስብርባሪዋ ከአንድ ዓመት በኋላ 900 ሜትር ያህል ጥልቀት ላይ ተገኘ። ሳን ሁዋንን ያጠፋት የብረት ድካም ነው አንልም። የምንለው፣ ባትሪው አዲስ መሆኑ ብቻውን አላዳናትም ነው።

አገራችን ሰርጓጅ መርከብ ኖሯት አያውቅም። ሆኖም በ1944 በአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ የጀመረች አንዲት መርከብ በ1962 ወደ ምፅዋ መጥታ «ኢትዮጵያ» ተብላ እስከ 1991 ድረስ የባሕር ኃይላችን ማሠልጠኛ ሆና ማገልገሏን ማስታወስ ይገባል። በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች።

ይሁንና የተነሣንበትን ጥያቄ ለመመርመር ባሕር ድረስ መሄድ አያሻም። በአቃቂ ወንዝ ላይ በ1930ዎቹ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ማመንጫ የአገራችን የመጀመሪያው የውሃ ኃይል ጣቢያ ነው። በጥገና ጉድለት በ1970ዎቹ ሥራ ካቆመ በኋላ አንድ ትውልድ ጎልምሶ ሌላው እስኪተካ ተዘግቶ ቆየ። በቻይና መንግሥት ዕርዳታ ታድሶ በ2016 እንደገና ተመረቀ፤ አቅሙም 6.6 ሜጋ ዋት ነው። ዛሬ ከተገነቡት ታላላቅ ግድቦች ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ቢሆንም፣ የተጣለን ነገር ማንሣት ምንጊዜም የሚያስመሰግን ተግባር ነው።

እዚህ ላይ ግን መሠረታዊውን ቅራኔ ልብ እንበል። ተርባይን በትእዛዝ ተሠርቶ ይመጣል። ሐይቁስ? የመርከቡን የብረት አካል ቦታ በአባ ሳሙኤል የያዘው ሐይቁ ነው፤ እርሱንም ከየትም አገር ማስመጣት አይቻልም። ትልቁና ትንሹ አቃቂ ወንዞች ከመላው ከተማ የሰበሰቡትን የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻና ፕላስቲክ እየገፉ የሚያራግፉት እዚያው ነው። ከተራቆተው መሬት የሚታጠበው ደለል ወለሉን ይሞላል፤ ከላይ ደግሞ እምቦጭ ይለብሰዋል። ደለል የያዘው ቦታ ውሃ አይዝም፤ ውሃ ያልያዘ ሐይቅም በበጋ ተርባይን አያዞርም። ሰርጓጁን በየመጥለቁ የሚያደክመው ግፊት እዚህ በየክረምቱ በጎርፍ መልክ ይመጣል።

ውጭ አገር በተማርንበት ዘመን አንድ የብየዳ አስተማሪያችን አዲስ ቀለም የተቀባ ብረት ሲቀርብለት በመጀመሪያ የሚያደርገው በመዶሻ መታ መታ አድርጎ ድምፁን ማዳመጥ ነበር። ቀለሙን ቀና ብሎም አያየውም። እኛም ስለ አባ ሳሙኤል ስንጠየቅ ጆሯችን ማዘንበል ያለበት ወደ ማሽኑ ቤት ብቻ አይደለም። የአቃቂ ቃሊቲ ፋብሪካዎች ሠራተኞች በየስብሰባቸው፣ የማሽናቸው እጥበት ውሃ የትኛው ቦይ ውስጥ እንደሚገባና ማጣሪያው በሌሊት ፈረቃ ጭምር መሥራት አለመሥራቱን ሊጠይቁ ይገባል። የወንዙ ዳር ነዋሪዎች ማኅበራትም ክረምቱ ሳይገባ ጥራጊው ከዳርቻው መነሣቱን ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው ጎርፍ ከመጣ በኋላ ያ ጥራጊ ሐይቁ ውስጥ ነው።