አዋሽና የሙላቱ ነገር

ከእንጦጦ ተራራ በስተ ሰሜን ያለው ቁልቁለት የተቀበለው ዝናም በሙገር በኩል ዓባይ ገብቶ፣ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ወደ ሜዲተራንያን ባሕር ሲገሠግሥ፣ ከዚያው ተራራ በስተ ደቡብ የወረደው ግን አዲስ አበባን ሰንጥቆ በአቃቂ በኩል ከአዋሽ ጋራ ይደባለቅና፣ ባሕር ሳያይ በአፋር ምድረ በዳ፣ በጅቡቲ ወሰን ላይ ባለው በአቤ ሐይቅ ተጠራቅሞ በፀሐይ ይተናል። ሁለቱን ጎዳናዎች የሚለያያቸው ሸንተረር ላዩ ላይ ለቆመ ሰው ተራ የተራራ ጀርባ ነው፤ ሆኖም የምድርን ጠባይ የሚመረምሩ ሊቃውንት የአንዱን ወንዝ ግዛት ከሌላው የሚለዩት በእንዲህ ያለው ሸንተረር ሲሆን፣ ዝናሙ ሁሉ ወደ አንድ ወንዝ የሚወርድበትንም አገር ተፋሰስ ይሉታል።

የአዋሽ ተፋሰስ ስፋቱ ወደ 110,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ወንዙ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዝ፣ ተፋሰሱም ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ከፍ ከሚል ደጋ ተነሥቶ 250 ሜትር ገደማ እስከሚሆን ቆላ ድረስ ይወርዳል። ብዙው ዝናም በሐምሌና በነሐሴ በላይኛው ደጋ ስለሚወርድ፣ በታችኛው አዋሽ በአሳይታ ዙሪያ የሚኖረው ሰው ደመና ባላየበት ቀን ወንዙ ከአፉ እስኪፈስ ሲሞላበት ያያል፤ የመጣበት ውኃ ቀናት አስቀድሞ በደጋው የዘነበ ነውና።

ይህ ውኃ ከላይ ሳለ ምን እንደሚያገኘው ለማወቅ በላይኛው አዋሽ ያለውን የበቾን ሜዳ ማየት ይበቃል። መሬቱ ጥቁር መረሬ ነው፤ በበጋ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጣጠቃል፤ የሰኔም ዝናም እንደ ጀመረ ውኃውን በስንጥቁ አድርጎ እየጠጣ ያብጣል፤ ባበጠም ጊዜ ስንጥቁ ይገጥምና ከዚያ በኋላ የሚወርደውን ዝናም አላሳልፍ ብሎ በላዩ ያስተኛዋል። ሜዳው ዝርግ ስለ ሆነ ውኃው ቶሎ አይወርድም፤ ወንዙም ሲሞላ እርሻውን ያጥለቀልቀዋል። በአንጻሩ ዛፉ ያለቀበትና እስከ ጫፉ የታረሰ ቁልቁለት ዝናሙን የሚያዘገይበት ሥርና ቅጠል ስለሌለው፣ ውኃውንም አፈሩንም ባንድነት ይለቃል።

ያ አፈር ከሚያርፍባቸው ስፍራዎች ዋናው ቆቃ ነው። በ1952 ዓ.ም. የተፈጸመው ይህ ግድብ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራ ሲሆን፣ ተግባሩም የኤሌክትሪክ ኃይል ማመንጨትና ከበታቹ ላለው እርሻ ውኃውን መጥኖ መልቀቅ ነበረ። እነሆ ግን በየክረምቱ የሚገባው ደለል ከሐይቁ የመያዝ ዐቅም ሩብ የሚበልጠውን ወስዶበታል። በዚህ ላይ አንድ ጭንቅ አለ፤ ለመብራት የሚያስብ ሰው ግድቡ እስከ አፉ እንዲሞላለት ይወዳል፤ ሙላትን ለመመከት የሚያስብ ደግሞ በሐምሌ ባዶ ቦታ እንዲተርፍለት ይሻል። ደለሉ ቦታውን ባጠበበ ቁጥር የሁለቱ ጥቅም አብሮ መሄዱ እየከበደ ይመጣል፤ ክረምቱም በጠና ጊዜ ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ ለወንጂና ከዚያ በታች ላሉት መንደሮች ስጋት ይሆናል። ስለዚህ የቆቃን ዕድሜ የሚያስረዝም ሰው ከግድቡ ዘብ ይልቅ በሞጆና በአቃቂ ምንጮች እርከን የሚሠራው ገበሬ ነው ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ሙላት ግን ሁልጊዜ በቀናት ጉዞ አይመጣም። ድሬዳዋን ለሁለት የሚከፍለው ደቻቱ በተፋሰሱ ምሥራቃዊ ክፍል ያለ የአሸዋ ወንዝ ነው፤ አብዛኛውን ዓመት ደርቆ ስለሚኖር ሰውም ከብትም በላዩ ይተላለፋል፤ ጉዳዩ ያለው ሰው አሸዋውን እየረገጠ ከወዲያኛው ሠፈር ወደ ወዲህኛው ይሻገራል። ሆኖም በስተ ደቡብ ያሉት የሐረርጌ ተራሮች ቀጥ ያሉ፣ ልብሳቸውም የተገፈፈ ስለ ሆነ፣ በላያቸው የወረደው ብርቱ ዝናም ከተማው የሚደርሰው በጥቂት ሰዓት ውስጥ ነው። ለሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. አጥቢያ፣ ሌሊቱን ሰው ተኝቶ ሳለ ደራሽ ውኃ መጥቶ ከ200 የሚበልጡ ነፍሳትን ወሰደ፤ ቤትና ንብረትም አብሮ ጠረገ። ለእንዲህ ያለው ውኃ የድንጋይ ግንብ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከሁሉ የሚቀድመው በተራራው ዝናሙን የሚለካና ወሬውን በሌሊት የሚያደርስ ሰው መኖሩ፣ ወንዙ ጥንት የሄደበትም መሬት ቤት ሳይሠራበት መቆየቱ ነው። ወንዝ ለዓመታት ቢደርቅ አልጋውን ለቀቀ ማለት አይደለምና።

ይህን ሁሉ ብንልም ሙላት ፈጽሞ ይቁም የሚል ሐሳብ የአዋሽን ሰው ይጎዳል። አፋሮች ከጥንት ጀምረው ወንዙ በክረምት ተርፎ የሚያርሰውን ዳርቻ በበጋ የከብታቸው መሰማሪያ አድርገው ኖረዋል፤ ውኃው ሲሸሽ የሚበቅለው ሣር ዝናም በጠፋባቸው ወሮች ግመሉንና ላሙን ያቆይላቸው ነበር። ግድቡ ሙላቱን ሲቀንስና የጥጥና የሸንኮራ እርሻ ዳርቻውን ሲይዝ ይህ መሰማሪያ ጠበበ፤ ከብቱም በሌላ ስፍራ ግጦሽ ላይ ተጨናነቀ። ስለዚህ በአዋሽ ላይ በሚቆም ግድብ ሁሉ፣ ለመብራቱ የሚበቃው፣ ለሸንኮራውም የሚለቀቀው ውኃ እንደሚጻፍ፣ ለሣሩ የሚለቀቀው መጠንና ወሩ ከነዚያ ጋራ በአንድ መዝገብ ሊጻፍ፣ ሲጻፍም አርብቶ አደሩ ራሱ ሊጠየቅበት ይገባል።