41 ቁጥር ቦት ጫማ

ውሃ አገልግሎት የተቀጠርኩ ሰሞን ንብረት ክፍል ሄጄ ቦት ጫማ ጠየቅሁ። እዚያ ያሉት ጋሼ እግሬን አየት አደረጉና «ልጄ፣ ትንሹ 41 ነው» አሉኝ። እኔ 37 ነኝ። ካልሲ ደራርቤ አደረግሁት። በሳምንቱ የፈነዳ ቧንቧ ልንጠግን ጉድጓድ ወረድን፤ ጭቃው ጫማዬን ይዞ አስቀረና በካልሲ ወጣሁ። እስከ ዛሬ ይሳቅብኛል።

«በውሃ ሥራ ሴት ለምን አነሰች?» ብላችሁ ስለጠየቃችሁኝ ነው ይህን ማንሳቴ። ነገሩ የኛ ብቻ አይደለም። የዓለም ባንክ በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት በ28 አገሮች 64 የውሃና ፍሳሽ ድርጅቶችን አይቶ ነበር፤ ከመቶ ሠራተኛ ሴቶቹ በአማካይ 18 ነበሩ። ከሦስት ድርጅት አንዱ ገደማ አንዲት ሴት መሐንዲስ እንኳ አልነበረውም።

እንስራውንም ጀሪካኑንም የተሸከመችው ሴት ናት። ቦኖ ላይ ተቀምጣ ሳንቲም የምትቀበለውም ብዙ ጊዜ እሷው ናት። ውሃው ቧንቧ ውስጥ ሲገባ ግን የወንድ ይሆናል!

ማንም አትግቢ አላለኝም። ሕጉማ ደህና ነው፤ አዋጅ 1156/2011 የወሊድ ፈቃዱን 120 ቀን አድርሶታል። እኔን የያዘኝ ሽንት ቤት ነበር። ፓምፕ ጣቢያችን ከከተማ ወጣ ያለ ነው፤ ወንዶቹ ከአጥሩ ጀርባ ዞር ይላሉ። እኔ የውሃ ሠራተኛዋ ውሃ ሳልጠጣ እውል ነበር። ማታ 2 ሰዓት ፈረቃ ሲለወጥ ደግሞ የሚያደርስ መኪና አልነበረም። ስለዚህ ሴቶቹ የሌሊት ፈረቃ አይገቡም ነበር። ፈረቃ ያልገባች የትርፍ ሰዓት ክፍያ የላትም፤ የቡድን መሪ ቦታ ሲወጣም «የመስክ ልምድ የለሽም» ትባላለች። ቢል ክፍልና ገንዘብ መቀበያው በሴት የተሞላው በዚህ መንገድ ነው። የተመደበ ሳይሆን የተንጠባጠበ ነው ማለት ይሻላል።

«ጉልበት ይጠይቃል» ለምትሉኝ፦ የዛገ ትልቅ ቫልቭ ወንዱም ብቻውን አያዞረውም። መፍቻው ላይ ረጅም ቧንቧ ሰክተን፣ ሁለት ሆነን ነው የምንገፋው።

አምና የፈረቃ ኃላፊው ተቀየረ። አዲሱ በቆርቆሮ ሽንት ቤት አሠራ፤ ማታ ፒካፑ ሠፈር ድረስ እንዲያደርስ አዘዘ። አሁን በሌሊት ፈረቃ ሦስት ሴቶች አለን። ቦት ጫማው ግን ዘንድሮም 41 ነው የመጣው።