ራሙ የት ገባ?

ላፕቶፓችሁ ስለተንቀራፈፈ ራሙን ወደ አራት ጊጋ አሳደጋችሁት። ቤት ገብታችሁ ስትከፍቱት ግን ዊንዶውስ የተገጠመው 4 ጊጋባይት፣ የሚሠራው 3.24 ነው ይላችኋል። ይህን ያየ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሻጩን ነው። ወደ ሱቁ ከመመለሳችሁ በፊት ስንት እንደጎደለ ልብ በሉ፤ የጎደለው መጠን ብዙውን ጊዜ ምክንያቱን ራሱ ይናገራል።

እስቲ አንድ እጃችሁን አውጡ። የታጠፈ ጣት ዜሮ፣ የተዘረጋ ጣት አንድ ይሁን። በአንድ ጣት ሁለት ምልክት መስጠት ይቻላል፣ በሁለት ጣት አራት፣ በሦስት ስምንት። ሞክሩት። የቀለበት ጣታችሁ ብቻውን አልዘረጋ ካለ ጠረጴዛው ላይ አሳርፉት። አንድ ጣት በጨመራችሁ ቁጥር ምልክቶቹ እጥፍ ይሆናሉ፤ በአምስቱ 32፣ በአሥሩ 1,024 ትደርሳላችሁ።

ኮምፒውተሩም ራም ውስጥ ያለችውን እያንዳንዷን ባይት የሚጠራት በእንዲህ ዓይነት ምልክት ነው። ምልክት ያልደረሳት ባይት ጤነኛ ሆና ቺፑ ውስጥ ብትቀመጥም የሚጠራት የለም።

32 ቢት የሚባለው ዊንዶውስ 32 ጣት አለው እንበል። ይህ 4,294,967,296 ምልክት ይሰጣል፤ ልክ 4 ጊጋባይት ማለት ነው። ታዲያ አራት ጊጋው ለምን አልበቃም? ምልክት የሚፈልገው ራም ብቻ ስላልሆነ ነው። ፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ካርዱን፣ ኔትወርክ ካርዱን፣ ማሽኑን የሚያስነሣው ፕሮግራም (ባዮስ) ያለበትን ቺፕ ጭምር የሚጠራው ከነዚሁ ቁጥሮች እየወሰደ ነው። ባዮሱ ማሽኑ ሲነሣ ከላይኛው ጫፍ ያሉትን ቁጥሮች ለእነሱ ያድላል፤ በእነዚያ ቁጥሮች ሊጠራ ይችል የነበረው ራም ስም አልባ ሆኖ ይቀራል። ከአራት ጊጋ ላይ ከግማሽ እስከ አንድ ጊጋ ገደማ ከጎደለባችሁ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ፕሮሰሰሮቹማ ቀድመው አድገው ነበር። ኢንቴል በ1995 እ.ኤ.አ. ያወጣው ፔንቲየም ፕሮ 36 ጣት ነበረው፤ ይህ እስከ 64 ጊጋ ያስጠራል። ማይክሮሶፍት ግን ለግል ኮምፒውተር የሚሸጠውን 32 ቢት ዊንዶውስ 4 ጊጋ ላይ ገደበው፤ ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር ሲመጣባቸው የሚደነባበሩ ድራይቨሮች ነበሩና።

የእናንተን ለማወቅ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ አባውት ግቡና ሲስተም ታይፕ የሚለውን አንብቡ። ፕሮሰሰሩ 64 ቢት፣ ዊንዶውሱ 32 ከሆነ መፍትሔው 64 ቢቱን መጫን ነው። ይህ ደግሞ ፎርማት ማድረግን ይጠይቃል፤ ፎቶና ሰነዳችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ዊንዶውሱ 64 ቢት ሆኖስ ከጎደለ? ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ፤ ታስክ ማናጀር ሲከፈት ፐርፎርማንስ፣ ከዚያ ሜሞሪ በሉና ሃርድዌር ሪዘርቭድ የሚለውን ፈልጉ። ጥቂት መቶ ሜጋባይት ከሆነ ተዉት፤ የራሱ ሜሞሪ የሌለው ግራፊክስ ከራሙ የወሰደው ድርሻ ሊሆን ይችላል። ከበዛ ግን ኤምኤስኮንፊግ (msconfig) የሚባለውን የዊንዶውስ ፕሮግራም ክፈቱ። ቡት በሚለው ሥር አድቫንስድ ኦፕሽንስ ውስጥ ማክሲመም ሜሞሪ የሚል ሳጥን አለ። ስሙ እያሳሳተ ብዙ ሰው ራም ይጨምርልኛል ብሎ ምልክት ያደርግበታል፤ ሥራው ግን መገደብ ነው። ምልክቱን አንሡና ሪስታርት አድርጉ።

ሁለት ባለ አራት ጊጋ ገጥማችሁ አራት ብቻ ከታየ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ አንዱ ራም እንዳለ አልታየም። በራሙ ሰሌዳ ላይ ከትልልቆቹ ቺፖች መካከል አንዲት ሚጢጢ ቺፕ አለች። የራሙን መጠንና ፍጥነት የምትናገረው እሷ ናት፤ ባዮሱ ገና ከመነሣቱ ይጠይቃታል። ከታች የተደረደሩት ወርቃማ ጥርሶች ከስሎቱ ጋር በደንብ ካልተነካኩ መልሷ አይደርስም።

ስለዚህ ላፕቶፑን አጥፉ፣ ቻርጀሩን ንቀሉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ። ሰውነታችሁ ላይ ያለውን ኤሌክትሪክ ለማራገፍ ብረት ንኩ። ራሙን በጠርዙ ይዛችሁ ጥርሶቹን አልኮል በነካ፣ ክር በማይተው ጨርቅ ጥረጉ። ላጲስ የሚጠቀሙ ጠጋኞች አሉ፤ እኔ አልመክረውም፣ ወርቁ ስስ ስለሆነ ይፋቃል። ከደረቀ በኋላ አጋድላችሁ እስከ መጨረሻው አስገቡትና ወደ ታች ተጫኑት፤ በሁለቱም ጎን ያሉት መያዣዎች ቀጭ ማለት አለባቸው።

አሁንም ካልታየ አንዱን ራም ብቻ በየስሎቱ እያፈራረቃችሁ አስነሡት፤ ቀጥሎ ሌላውን። ችግሩ ራሙን ተከትሎ ከሄደ የተበላሸው ራሙ ነው፤ ያን ጊዜ ወደ ሻጩ ውሰዱት። አንዱ ስሎት ላይ የትኛውም ራም ካልታየ ግን ሌላ ራም መግዛት አይጠቅማችሁም፤ መመርመር ያለበት ማዘርቦርዱ ነው።