ስለ ናፍጣ አውቶሞቢል አጠባበቅ፤ በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ ለሚኖሩ ባለ ቤቶች

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር አውቶሞቢል ያለው ሰው ንብረቱን ለራሱ ብቻ የያዘ አይደለም። ወላድ ሴት ምጥ የጠናባት እንደ ሆነ፥ ሕፃንም በሌሊት የታመመ እንደ ሆነ፥ ጎረቤቱ ሁሉ ቃሬዛ ከማንሣቱ በፊት የሚያስበው ያንን አውቶሞቢል ነው። ስለዚህ ሞተሩ ሲጠሩት መነሣቱ፥ ፍሬኑም በቁልቁለት መያዙ የነፍስ ነገር ነው እንጂ የጌጥ ነገር አይደለም። ይህንንም በማሰብ የናፍጣ አውቶሞቢል እንዴት እንደሚጠበቅ በአጭሩ ለአንባቢዎቻችን እንገልጻለን።

የዚህ አገር መንገድ ከጥንት ጀምሮ መንኰራኵርን የሚፈትን ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጐትቱ፥ ድንጋይ እያስፈነቀሉ ያለፉት በዚሁ በጋይንት በኩል ነው። የመጀመሪያዪቱ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገብታ ዐፄ ምኒልክ ካዩዋት በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ፥ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው መንገድ በቻይና መንግሥት ርዳታ ተሠራ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በኤሌክትሪክ ከሚሄዱት በቀር ሌሎች የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፥ በእጁ የናፍጣ አውቶሞቢል ያለው ሰው ያለውን አጥብቆ መጠበቅ ይገባዋል።

የናፍጣን ሞተር ለመጠበቅ አስቀድሞ ጠባዩን ማወቅ ያስፈልጋል። ሩዶልፍ ዲዝል የተባለው ጀርመናዊ መሐንዲስ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1897 ዓ.ም. ሠርቶ ያሳየው ይህ ሞተር፥ እንደ ቤንዚን ሞተር በካንዴላ እሳት የሚነሣ አይደለም። አየሩ በሲሊንደር ውስጥ እጅግ ሲታመቅ ከመጠን በላይ ይግላል፤ በዚያም ላይ ናፍጣው እንደ ጉም ተረጭቶ በራሱ ይነዳል። እንግዲህ ንጹሕ አየር፥ ንጹሕ ናፍጣና ብርቱ ባትሪ የሞተሩ ሕይወት መሆናቸውን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የነፋስ መውጫ ከተማ የምትገኘው 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ሳስቶ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአሥር ሰባት እጅ ያህል ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ተርቦ የሌለው አሮጌ ሞተር በጉና አጠገብ ባለው ዳገት ሲወጣ ናፍጣው ሁሉ ሳይነድ ቀርቶ ጥቁር ጢስ ያወጣል። ነጂውም በዚህ ጊዜ ማርሹን ይቀንስ እንጂ ቤንዚን መስጫውን አጥብቆ አይርገጥ፤ መርገጡ ጢስ ያበዛል እንጂ ኃይል አይጨምርም። ውሃም በዚያ ከፍታ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ፥ የራዲያተሩ ክዳን ግፊቱን አጥብቆ የሚይዝ መሆን አለበት። የጋለ ራዲያተር ግን ፈጽሞ አይከፈትም።

የናፍጣ ጠላት ውሃ ነው። ታንከሩ ግማሽ ሆኖ ያደረ እንደ ሆነ በደጋው ብርድ በውስጡ ያለው እርጥበት ወደ ጠብታ ይለወጣል፤ ስለዚህ ማታ ሲገቡ መሙላት ይሻላል። በበርሜል የተገዛ ናፍጣ ለብዙ ሰዓት ሳይነካ ይርጋ፤ ከዚያም የታችኛው ዝቃጭ ሳይደርስ ከላይ ከላዩ በጥሩ ማጣሪያ ይቀዳ። ከናፍጣው ፊልትሮ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ በየጊዜው ማፍሰስ ነው። ናፍጣው እስኪያልቅ ድረስ መንዳትም አይገባም፤ አየር ወደ ቧንቧው ገብቶ በእጅ ፓምፕ እስኪወጣ ድረስ ሞተሩ አይነሣምና።

በበጋ ከአርብ ገበያ ወደ ወገዳ የሚሄድ ሰው አቧራው ምን ያህል እንደ ሆነ ያውቀዋል። የወረቀት የአየር ማጣሪያ በውሃ አይታጠብም፤ ቀስ ብሎ ይራገፋል፤ የሚነፋም ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። የሞተሩ ዘይት መጥቆሩ ብቻ አያስደንግጥ፤ የናፍጣ ሞተር ጥላሸት ዘይቱን ፈጥኖ ያጠቁረዋል። ነገር ግን ዘይቱ እንደ ወተት የነጣ እንደ ሆነ ውሃ ገብቶበታል ማለት ስለ ሆነ ሳይነዱ መካኒክ መጥራት ይገባል። ዳገትና አቧራ በበዛበት አገር ዘይቱና ፊልትሮው ፋብሪካው ከወሰነው ጊዜ ቀደም ብሎ ቢለወጥ ትርፍ ነው እንጂ ኪሣራ አይደለም።

በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ጧት ሞተሩን ለማስነሣት፥ የማሞቂያው ቢጫ መብራት እስኪጠፋ መታገሥ ነው። ከሞተሩ ሥር እሳት የሚያነዱ አሉ፤ ይህ ቤትንም ንብረትንም የሚያቃጥል ሥራ ነው። የባትሪውን ጫፎች ከዝገት ማጽዳትና ማጥበቅ ከዚያ ይበልጣል። ተርቦ ያለው ሞተር ዳገት ወጥቶ ሲቆም ወዲያው አይጥፋ፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በቀስታ እየሠራ ይቀዝቅዝ።

ከሁሉ የሚበልጠው ጥንቃቄ የቁልቁለት ጥንቃቄ ነው። ከደጋው ወደ በሽሎ ቆላ የሚወርድ ነጂ ከዳገቱ ራስ ላይ አስቀድሞ ዝቅተኛ ማርሽ ያስገባ፤ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ይይዝለታል። ፍሬን ብቻ እየረገጡ የወረዱ እንደ ሆነ ፍሬኑ ግሎ መያዝ ያቆማል። ማርሹን አውጥቶ በነጻ መውረድ ናፍጣ ለመቆጠብ ሲሉ ልጆችን ለገደል መስጠት ነው። የፍሬኑ ዘይትም እርጥበት ስለሚስብ በየሁለት ዓመቱ ይለወጥ።

አውቶሞቢሉን ለማሻሻል የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ከጌጥ በፊት በጥቅም ላይ ያውል። ውሃ የሚለይ ሁለተኛ የናፍጣ ማጣሪያ፥ ለኋላ ተቀማጮች ቀበቶ፥ ለጉም የሚሆን መብራት፥ እሳት ማጥፊያ፥ ደኅና ክሪክና ትርፍ ጎማ፥ እነዚህ ሁሉ በትንሽ ወጪ ብዙ ይረዳሉ። መኪናውን ከመጠን በላይ ማስረዘም ግን በኩርባ ላይ መገልበጥን ያቀርባል፤ ናፍጣው በብዛት እንዲረጭ ፓምፑን ማስለወጥም በሳሳው አየራችን ጢስና ግለት ብቻ ያተርፋል።

በቤት ውስጥም አንድ ትንሽ መዝገብ ቢኖር፥ ዘይቱ የተለወጠበት ቀንና ኪሎ ሜትሩ ቢጻፍበት፥ ባለ ቤቱ ሳይኖር እመቤቲቱ ወይም የደረሰ ልጅ ሊቆጣጠረው ይችላል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው፥ ምጥ የያዛት ሴት በደጅ ስትጠብቅ ባትሪ መፈለግ አይጠቅምም። በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ሰዓት ለአውቶሞቢሉ የሰጠ ሰው፥ በጨነቀ ሌሊት ለጎረቤቱ የሚሰጠው ይኖረዋል።