ልገሳው በመስከረም፣ ረሃቡ በሐምሌ

በአገራችን ከተሞች ለችግረኛ ቤተሰብ ዘይትና ዱቄት የሚታደልበት ጊዜ የታወቀ ነው። እንቁጣጣሽ፣ ገናና ፋሲካ ሲቃረቡ፣ ለሙስሊሙም ዒድ ሲደርስ፣ አረጋውያንና አቅመ ደካሞች በቀበሌው አዳራሽ ይሰበሰባሉ፤ ዘይቱ፣ ዱቄቱ፣ አንዳንዴም ዶሮና እንቁላል ይሰጣቸዋል። በኮሮና ወረርሽኝ ወቅት «ማዕድ ማጋራት» የሚለው ስያሜ ከተስፋፋ ወዲህ ነገሩ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም ቋሚ ልማድ ሆኗል። መልካም ልማድ ነው። ሆኖም አምስት ሊትር ዘይት ለአንድ ቤተሰብ ስንት ቀን ይዘልቃል? በደቡብ ምዕራቡ ካፋ ደግሞ ጥያቄው ከሌላው አካባቢ ይበልጥ ይከብዳል፤ ችግሩ የሚጠናበት ወቅትና ልገሳው የሚመጣበት ወቅት አይገጥሙምና።

የካፋን ገበሬ የዓመት ኑሮ እንመልከት። ቡና የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ነው፤ ገንዘብ እጅ የሚገባውም ያኔ ነው። ዕዳ ይከፈላል፣ ልብስ ይገዛል፣ ሠርግ ይደገሳል። ክረምቱ ሲገባ የቡናው ብር አልቋል፤ የአዲሱ በቆሎ እሸትም ገና አልደረሰም። ቤተሰቡን እስከ መስከረም የሚያሻግረው ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረው ቆጮ፣ ጎደሬውና ጓሮ ያለው አትክልት ነው። እንሰቱን አጠውልግ የተባለው በሽታ የመታበት ወይም መሬቱ የጠበበበት ሰው ይህም የለውም። በካፋ ዋና ከተማ በቦንጋ ቤት ተከራይቶ በቀን ሥራ የሚኖረው ደግሞ ጓሮ ራሱ የለውም፤ ዝናቡ የግንባታ ሥራ ሲያስቆም የዕለት ገቢውም አብሮ ይቆማል። ፋሲካ አልፏል፣ እንቁጣጣሽ ገና ነው። በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ የልገሳው አዳራሽ በአብዛኛው ዝግ ነው።

ይህ ረሃብ ለዓይን አይታይም። ካፋ አረንጓዴ ነው፤ ጫካው ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት የተመዘገበ ነው። ረሃብ ሲባል የተሰነጠቀ መሬትና የከብት አፅም ለለመደ ዓይን፣ በእንሰትና በቡና የተከበበ ጎጆ ችግር ያለበት አይመስልም። ሆድ መሙላትና መመገብ ግን የተለያዩ ናቸው። ቆጮ ኃይል ሰጪ ነው፤ ፕሮቲኑ እጅግ ጥቂት ስለሆነ ያለ ባቄላ፣ ያለ ወተት፣ ያለ ጎመን ብቻውን ልጅ አያሳድግም። በ2011 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት 37 በመቶው መቀንጨር እንደደረሰባቸው ያሳያል። የዚህ ምክንያቱ ድርቅ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝናብ የሚጠግቡት አካባቢዎች ነፃ በሆኑ ነበር፤ አልሆኑም።

የአገሪቱ የእርዳታ ሥርዓት የተገነባው ደግሞ በድርቅ ዙሪያ ነው። የ1966ቱ የወሎ ረሃብ የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽንን ወለደ። በ1977 ረሃብ ሲደገም ካፋ የታየችው ተረጂ ሆና አልነበረም፤ ከሰሜን ተነሥተው ለሚሰፍሩ ሰዎች መሬት ያላት ክፍለ ሀገር ተደርጋ ነው። በ1997 የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራምም ትኩረቱ ድርቅ የሚደጋግማቸው ወረዳዎች ላይ ነበር። የከተማው ሴፍቲኔት በ2009 ሲጀመር በ11 ከተሞች ነው፦ አዲስ አበባ፣ አዳማ፣ ደሴ፣ መቀሌ፣ ሐዋሳ፣ ድሬዳዋ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ሰመራ ሎጊያ፣ አሶሳ፣ ጋምቤላ። ቦንጋ አልነበረችበትም። ይህን የምጽፈው ለመውቀስ አይደለም፤ ገንዘቡ ውሱን ነበር፣ ድርቅም ይገድላል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ የዝናባማው ደቡብ ምዕራብ ችግረኛ በጎረቤቱ ላይ ተደግፎ ኖረ።

ከውጭ የሚመጣውም እንዳለ እንደማይቀጥል ያለፉት ዓመታት አሳይተዋል። በሰኔ 2015 የአሜሪካው ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህሉ ለተረጂው ሳይደርስ እየተሸጠ ነው በሚል በመላ ኢትዮጵያ እደላቸውን ለወራት አቆሙ። በሰኔ 2017 መጨረሻ ዩኤስኤይድ ራሱ እንደ ድርጅት ተዘጋ። በመካከሉ፣ በሐምሌ 2016፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ተደረገ፤ ዘይትን የመሰለ ከውጭ የሚገባ ሸቀጥ ዋጋው መናሩ በየሱቁ ተሰማ። በኅዳር 2014 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ከመቀመጫ ከተሞቹ አንዷ የሆነችው ቦንጋ ደግሞ በዚሁ ጫና መካከል ከገጠር ሥራ ፍለጋ የሚመጣውን ሰው እያስተናገደች ነው።

በሌላው ዓለም ለእንዲህ ያለው ረሃብ የተገኘው አንዱ መልስ የምግብ ባንክ ነው። የመጀመሪያው በአሜሪካ አሪዞና፣ ፊኒክስ ከተማ፣ በፈረንጆቹ 1967 በጆን ቫን ሄንግል ተቋቋመ፤ መደብሮች የሚጥሉትን ምግብ ሰብስቦ ለተራበ ማድረስ ነበር ሐሳቡ። በቦንጋ የሚጥል ትልቅ መደብር የለም። በአዲስ አበባ ሆቴሎች የሚተርፈው እንኳ ቡሌ ተብሎ ለድሀ ይሸጣል። ስለዚህ እኛ ለችግረኛው የእህል ጎተራ ብናቋቁም ከትርፍራፊ ሊነሣ አይችልም፤ የሚነሣው ከሰው ቤት ነው። ለዚህም መሠረቱ አለን።

ለእኔ ከሁሉ የተሟላ ሆኖ የሚታየኝ ምሳሌ ዘካተል ፊጥር ነው። ሙስሊሙ ከዒድ ሶላት በፊት በእያንዳንዱ የቤተሰቡ አባል ስም ሁለት ኪሎ ተኩል ገደማ እህል ይሰጣል። መጠኑ የታወቀ ነው፣ ቀነ ገደቡ የታወቀ ነው፣ ማን እንደሚቀበልም የታወቀ ነው፤ ሰጪው እንደ ግዴታ ስለሚሰጥ ተቀባዩ አይሸማቀቅም፣ የሚነሣ ፎቶም የለም። የዕድሩ ጥንካሬ ደግሞ ሌላ ነው። ዳኛ፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥ፣ የአባላት መዝገብ፣ የዕቃ ግምጃ ቤትም አለው። ድስቱን፣ ወንበሩን፣ ድንኳኑን ቆጥሮ የሚያወጣና የሚያስገባ ሰው አለው። ከእህል ጎተራ የሚለየው የሚያስቀምጠው ነገር ብቻ ነው። ሰው ሲሞት ቤተሰቡን ለቀናት የሚቀልበው ዕድር፣ ሰው በሕይወት ሳለ በሐምሌ እንዲቀልብ መጠየቅ ከአቅሙ በላይ አይመስለኝም።

አንድ ከባድ ነገር ግን አለ። ዕድር አባላቱን ነው የሚያውቀው፤ ወርኃዊ መዋጮ የማይችለው፣ ከሁሉ የባሰበት ሰው፣ ከመዝገቡ ውጭ ነው። በካፋ ከመዝገብ ውጭ መሆን ከድህነትም ያለፈ ምክንያት አለው። ማንጆ የሚባለው ማኅበረሰብ ለዘመናት ከሌላው ጋር አብሮ እንዳይበላ፣ ቤት እንዳይገባ ተገፍቶ ኖሯል፤ በጫካው ዳር በማገዶና በከሰል ሽያጭ የሚተዳደረው ብዙ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል፤ ልማዱ ግን በአዋጅ ብቻ አልጠፋም። ማዕድ ማጋራት የሚባል ነገር በካፋ ምድር እውነት መሆኑ የሚለካው እዚህ ላይ ነው። የተቀባዮች ዝርዝር በዕድሩ ብቻ ከተዘጋጀ የቆየው አጥር በአዲስ መልክ ይቀጥላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቤቱ ስለሚዞሩ የትኛው ልጅ እንደቀጠነ ያውቃሉ፤ መዝገቡ ከእነሱ ጋር ቢሠራ ይሻላል።

የሚሰጠውም ነገር የቦታውን አየር ማክበር አለበት። ካፋ እርጥብ ነው። ሳይደርቅ የተከማቸ በቆሎ ይሻግታል፣ ነቀዝ ይበላዋል፤ ሻጋታው የሚያመነጨው አፍላቶክሲን የተባለ መርዝ ደግሞ በማጠብም በመቀቀልም አይለቅም። በልግስና ስም የተበላሸ እህል መስጠት ሰውን መጉዳት ነው። ስለዚህ በቆሎው በታኅሣሥና በጥር ፀሐይ በደንብ ደርቆ፣ አየር በማያስገባ ከረጢት ታስሮ፣ ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ ይቀመጥ። ዱቄት ቶሎ ስለሚበላሽ እህል ይሻላል፤ የወፍጮውን ዋጋ ግን አብራችሁ አስቡ፣ ለማስፈጫ የሚሆን ብር የሌላት እናት በቆሎ ብትቀበል ንፍሮ ከመቀቀል ሌላ ምርጫ የላትም። ባቄላና ምስር ቆጮ የጎደለውን ይሞላሉ። አዮዲን ያለው ጨው፣ ዘይት፣ የልብስና የገላ ሳሙና፣ ለልጃገረዶች የንጽህና መጠበቂያ፤ እነዚህ በበዓል ጥቅል ውስጥ ብዙም የማይታዩ ወይም ቶሎ የሚያልቁ ናቸው። ሳሙና የሌለው ቤት የሚበላውን እንኳ በተቅማጥ ያጣዋል።

በቦንጋና በዙሪያዋ ያላችሁ የዕድር ዳኞች፣ የሰበካ ጉባኤና የመስጊድ ኮሚቴ አባላት፣ ቡናችሁን ሸጣችሁ ገንዘቡ በእጃችሁ ባለበት በጥር ወር ስብሰባ ጥሩ። ከየቤቱ አንድ ጣሳ ባቄላ፣ አንድ ሳሙና፣ የቻለ አንድ ሊትር ዘይት ይመዝገብ። ቁልፉ በሦስት ሰው እጅ ይሁን፤ የገባውና የወጣው በየወሩ በአደባባይ ይነበብ። ግምጃ ቤቱንም ለበዓል አትክፈቱት፤ በሰኔ ክፈቱት።